የራሚሮ ፊርማ

አባ አንሴልሞ የጤና አዳሙን እስር ባልዲ ውስጥ እየነከሩ ግድግዳውን ይረጫሉ። እጃቸው ቁጥብ አይደለም። ሰው ሲባርኩ ሰው ይበሰብሳል፤ መኪና ከባረኩማ ሌላ እጥበት አያስፈልገውም። የምጠብቀውም ይህንኑ ነው።

ራሚሮ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሥዕሉ ፊት ቆሟል። ስምንት ወር ሙሉ መሰላል ላይ የዋልነው እኛ አምስት ሴቶች ነን። በሥዕሉ መሃል ቡጢዋን ያነሳችው ወይን ለቃሚ እናቴ ናት። እሱ ታች ቆሞ ለጋዜጠኛ ስለ ሕዝባችን ትግል ሲያወራ ከረመ። እንዲያም ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ «የራሚሮ ግድግዳ» ነው የሚለው።

ባለፈው ሐሙስ ታችኛው ጥግ ላይ የአምስታችንን ስም መጻፋችንን ራሚሮ አየ።

«ይሄ ምንድነው ኦቲሊያ፣ የሠርግ መጥሪያ ነው እንዴ?» አለኝ። «በሰማያዊ ሸፍኚውና ለኔ ጥቁር በጥብጪልኝ። ትግሉ ውስጥ የሴት ጣጣ አታምጡብን እህቴ። ይልቅ የእሁዱ ምግብ፣ ታማሌው፣ እንዳያንስ።»

ግን «እሺ» አልኩት። ሰማያዊውንም ጥቁሩንም ከልጄ የትምህርት ቤት ቀለም፣ ዱቄቱን በውሃ ብቻ በጠበጥኩለት። ሲደርቅ ከግድግዳ ቀለም በዓይን አይለይም። ብሩሽ አጥቦ የሚያውቅ ሰው በጠረኑ ይለየዋል፤ ራሚሮ አንድም ቀን ብሩሽ አጥቦ አያውቅም። ስማችንን በሰማያዊው ሸፈንኩት፤ እሱ በላዩ በጥቁሩ በትልቁ ፈረመ።

አባ ጥጉን ሳይነኩት ሊመለሱ ነው። የያዝኩትን የታማሌ ትሪ ለቻዮ፣ ከአምስታችን ለአንዷ፣ አቀብዬ ጠጋ እላለሁ።

«አባ፣ ያ ጥግ ቀረ እኮ። የሠዓሊው ስም ያለው እዚያ ነው።»

«እውነቷን ነው» ይላል ራሚሮ ደረቱን ነፍቶ። «ስሜንም ይባርኩልኝ እንጂ።»

«ላንተማ ባልዲው ሙሉ ይገባሃል» ይላሉ አባ እየሳቁ፣ የተረፈውን ሁሉ ጥጉ ላይ ይደፉበታል።

መጀመሪያ ጥቁሩ ይወርዳል። ራሚሮ ስሙን ሊያድን በሁለት መዳፉ ግድግዳውን ይደግፋል፣ ይጠርጋል፤ በጠረገ ቁጥር ሰማያዊውም አብሮ ይነሳል። የእኛ ስም የተጻፈበት ቀለም ውሃ አይፈራም። ቻዮ ከኋላዬ ጮክ ብላ ማንበብ ትጀምራለች፣ አንድ በአንድ፣ የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ሁለቴ ትለዋለች።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የሰጠሽኝ?» ይለኛል ራሚሮ።

«የልጆች።»

ደስ ይለኛል፣ ምን እደብቃለሁ። ትሪውን ከቻዮ ተቀብዬ አፍንጫው ሥር አቀርብለታለሁ።

«ብላ እንጂ። አላነሰም።»

ጥቁር የሚያንጠባጥቡ እጆቹን ከነጩ ሸሚዙ አርቆ እንደዘረጋ ይቀራል። መሐረብ የሚያቀብለው ሰው በዓይኑ ይፈልጋል።