የልብስ ሰፊው ክፍያ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ለትንንሽ ሱቆች ትዕዛዝ የሚቀበል ማሽን የሚያዘጋጅ ሰው ዋጋውን በብር አይጠይቅም፤ ደንበኛው ማሽኑ ካተረፈለት ጊዜ ላይ ሰዓታት ቆርሶ በጉልበቱ ይከፍላል። ሌሎቹ አዘጋጆች ደንበኞቻቸውን ወረፋ ያስይዟቸዋል፣ አጥር ያስቀቧቸዋል። አዘጋጇ የውብዳር ግን ልጇ አግብታ መቱ ከሄደች ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እምቢ ይሉኛል ብላ ስለምትፈራ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ልብስ ሰፊው አያሌው ማሽኑን ሊረከብ መጣ።

"እህስ እትዬ፣ ስንት ሰዓት ቆረጡብኝ?"

አንገቷን ደፍታ "እሑድ እሑድ ምሳ አብረኸኝ ብላ" አለችው።

ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ግን አፈረ።

"እትዬ፣ ማሽኑን ያሠራሁት እኮ እሑድ እሑድ ከልጆቼ ጋር ምሳ ልበላ ብዬ ነው። ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ፣ እጥፍ እከፍላለሁ።"

የፈራችው ደረሰ። "ግድ የለም፣ ተወው" አለች ቶሎ ብላ። "እንግዲያው ልብስ እጠብልኝ።"

እጅጌውን ሰብስቦ ግቢው ውስጥ ማጠብ ጀመረ። እሷም በርጩማ አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። በሠርጋቸው ዋዜማ ወፍረው መጥተው "ቀሚሱን አጥብበህብናል" ስለሚሉት ሙሽሮች እያወራ አሳቃት። የአንድ ሰው ልብስ ግን ስንት ቢሆን ነው፤ ጨዋታው ሳይደራ እጥበቱ አለቀ።

"ይኸው ነው?" አለ እጁን እያራገፈ።

"ኧረ ገና አለ፣ ቆይ!"

ወደ ቤት ሮጣ ገባች። ትናንት አጥባ ያነጠፈችውን አንሶላ ከአልጋዋ ላይ ገፈፈች፤ ትንሽ አሰበችና መጋረጃውንም አወረደች።