ድርጭቶቹ ሽሮፕ ይጠጣሉ አሉ!

«እትዬ፣ እንቁላሉን እንዳያስገቡት! እዚያው በር ላይ ይቁሙ!»

የኬክ ቤቷ ባለቤት ናት እንዲህ ያለቻቸው… ያውም በደንበኞቿ ፊት።

ሴትዮዋ የድርጭት እንቁላል የሞላ ትሪ እንደያዙ ክው አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ለድርጭቶቹ በሚሰጡት ነገር እንቁላሉ መርዝ ሆኗል እየተባለ ነው። እኔ ደንበኛ ማጣት አልፈልግም።»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እኚህ እናት ጓሯቸው ባለች ክፍል ድርጭት ያረባሉ። አንድ ልጃቸውን ያስተማሩት፣ ለቢሮ ወንበር ያበቁት በዚሁ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ የእንቁላሉ ቅርፊት ስስ ሆኖ አስቸገራቸው። ነካ ሲያደርጉት ስንጥቅ!

የእንስሳት ሐኪም ጠሩ። ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አየና «ፀሐይ አያገኙም፣ መኖውም ቫይታሚን ያንሰዋል» አላቸው። ውሃ ውስጥ የሚጨመር ቫይታሚን አዘዘ።

ሰጧቸው… ቅርፊቱ ጠነከረ። ይቺው ባለኬክ ቤት ራሷ «አሁን ገና እንቁላል አመጡ!» ብላቸው ነበር።

የዚያን ዕለት እቤት ገብተው የተባሉትን ለልጃቸው ነገሩት።

«እማ፣ ሰው አንዴ ከጠላ ጠላ ነው። ድርጭቶቹን ሽጪና እረፊ።»

«ቫይታሚን ሰጠሁ እንጂ ሰው ገደልኩ?»

«ግትር ነሽ እኮ!»

«ነኝ! ግትር ባልሆን አንተ እዚህ ትደርስ ነበር?»

በማግስቱ ሴትዮዋ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው?

የቫይታሚኑን ባዶ እሽግ የግቢያቸው በር ላይ ለጠፉት! ከሥሩም እንዲህ ብለው ጻፉ… «ድርጭቶቼ የሚወስዱት ይሄንን ነው። ነገም እሰጣቸዋለሁ። የፈራ አይግዛ!»

አላፊ አግዳሚው ሳቀ፣ ፎቶ አነሳ። ገዢ ግን የለም።

መኖው እያለቀ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ድርጭቶቹን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ተነሥተው ኬክ ቤቷ ሄዱ።

«ማነው ያወራው? ንገሪኝ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ… ድርጭቶቹን ሽሮፕ ታጠጣቸዋለች፣ መድኃኒቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል ነው የሚሉት።»

ሽሮፕ?

ሴትዮዋ ቃሉን አወቁት… የራሳቸው ነው!

ለገዢ ሁሉ «ቫይታሚን» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት ውሃ እየቀዱ «ኑ የኔ እመቤቶች፣ ሽሮፓችሁን ጠጡ!» የሚሉት ለድርጭቶቻቸው ብቻ ነው።

ይህን የሚሰማ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው…

ልጃቸው!

እቤት ሲደርሱ ክራቫቱን እያሰረ አገኙት።

«አንተ ነህ?»

ክራቫቱን ለቀቀው።

«እማ… የድርጭቶቹ ሽታ ልብሴ ላይ ይቀራል። ቢሮ ይስቁብኛል። ሥራውን ትተዪዋለሽ ብዬ ነው… ለአንዷ ጎረቤት ነው ያወራሁት፣ እንዲህ ይሰፋል አላልኩም።»

ሴትዮዋ አላለቀሱም፣ አልረገሙትም። ትሪውን አንሥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ያዝ!»

«እማ፣ ሥራ ይረፍድብኛል…»

«ይርፈድ! ወሬውን በአፍህ አዙረኸዋል፣ እንቁላሉን ደግሞ በእጅህ ታዞራለህ!»

ወጡ። እሱ በክራቫት ትሪ ተሸክሞ ከፊት… እሳቸው ቀና ብለው ከኋላ።

ኬክ ቤቷ ውስጥ የነበረው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ አያቸው።

«ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ» አለ ልጁ። «የምትሰጣቸው ቫይታሚን ነው። የገዛ እናቴን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ባለኬክ ቤቷ በሃፍረት ትሪውን ተቀበለችው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«አደርጋለሁ። ግን ከዛሬ ወዲህ ጥያቄ ካለሽ እኔን ጠይቂኝ! አዎ፣ እሰጣቸዋለሁ! ነገም፣ ከነገ ወዲያም እሰጣቸዋለሁ!»

ወዳጆቼ… የጠላት ወሬ ያልፋል። የሚያመው ከገዛ ቤት የወጣው ነው። ባስተማረህ ሥራ የምታፍር ከሆነ፣ ችግሩ ሥራው ጋ አይደለም… አንተ ጋ ነው! ስማችሁ በሐሰት ሲጠፋ ደግሞ አንገታችሁን አትድፉ፤ እውነቱን በር ላይ ለጥፉት!

እናንተ በእኚህ እናት ቦታ ብትሆኑ፣ ልጁን ትሪ ታሸክሙታላችሁ ወይስ በሩን ታሳዩታላችሁ?

ከታች ጻፉልኝ… ስድብ ግን አይፈቀድም፣ እናቱ ታነብ ይሆናል!