ሮም ደርሶ የመጣ ጫማ

ዳይሬክተር አካለ ወልድ የመምህርት ሙላቷን ጉዞ ቀማት።

ሌላ ስም አልፈልግለትም... ቀማት!

ዘመኑ 1958 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ ደብረ ማርቆስ።

"ጂኦግራፊ በደንብ የሚያውቅ አንድ መምህር ለስምንት ቀን ሮምን ይጎብኝ" የሚል ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ መጣ።

በከተማው ሮምን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር... ሙላቷ።

ከጎጃም ወጥታ አታውቅም። ግን ከአንድ ቅጠሉ ከረገፈ መጽሐፍ ላይ የሮምን መንገድ አንድ በአንድ አጥንታ፣ ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምትስል ሴት ነበረች።

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን አነበበ... መሳቢያው ውስጥ ከተተ... የራሱን ስም ጻፈ።

"ሴት ልጅ ባሕር ማዶ ብትጠፋ ማን ይፈልጋታል? ለአንቺው ብዬ ነው" አላት።

ለአንቺው ብዬ! ይህች ቃል ስንቷን ቤቷ አስቀመጠች...

ሙላቷ አላለቀሰችም። ደብተር አመጣችለት።

የስምንቱን ቀን ጉብኝት፣ በየት ታጥፎ በየት እንደሚወጣ፣ የቱ ሕንፃ ምን እንደሆነ... ሁሉን ጽፋበታለች።

"እኔ ባልሄድ ደብተሬ ይሂድ፣ ጋሽ አካለ። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። የአክሱም ሐውልታችን እዚያ አደባባይ ላይ ቆሟል። በእኔ ስም በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት።"

"ይህማ ምን ችግር አለው!"

ከጀማለዲን ሱቅ አዲስ ጥቁር ጫማ ገዛ... በሶ አስቋጠረ... ሄደ።

እነሆ ሮም!

አካለ ወልድ ከሆቴሉ ደጅ ቆሟል። መንገዱን መሻገር አለበት።

መኪናው አያልቅም... ሞተር ሳይክሉ ይጮኻል... አንድ እግሩን ያወርዳል... መልሶ ያወጣል።

ላብ አጠመቀው።

"ብጠፋስ? በምን ቋንቋ እጠይቃለሁ? መኪና ቢገጨኝስ፣ በሰው አገር ማን ይቀብረኛል?"

ተመለሰ። በሩን ቆለፈ። ጫማውን አወለቀ።

"ነገ እወጣለሁ" አለ።

በነጋውም... "ነገ" አለ።

ምግቡንም ፈራው። የነቢያት ጾም ነበርና እንዳይገድፍ፣ በሶውን በሆቴሉ ብርጭቆ እየበጠበጠ ጠጣ።

ስምንት ቀን ሙሉ ሮምን በመጋረጃ ቀዳዳ አያት!

አልጋው ላይ ተጋድሞ የሙላቷን ደብተር እንደ ዳዊት ደገመው። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

አገር ስገባ ቢጠይቁኝስ?... እሷ ብትጠይቀኝስ?

የፈራው ቀን ደረሰ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። የትምህርት ሹሙ ከፊት ተቀምጠዋል። በሚመጣው ዓመት አንድ ሰው ወደ አቴና ይላካል፤ "ከዚህ ንግግር በኋላ ልምድ ያለውን እንመርጣለን" ብለዋል።

ሙላቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። እጇን አጣጥፋ...

አካለ ወልድ ከመኪና ወርዶ በዚያ ጥቁር ጫማ መድረክ ላይ ወጣ። ወንበሩ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ደብተሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ አወረደው።

"ሐውልታችንንማ... ዳሰስኩት፤ ሳምኩት! እግሬ እስኪያብጥ ነው የዞርኩ!"

ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው።

እሱ ግን የሚያየው ሦስተኛውን ረድፍ ነው። አሁን ትነሣ ይሆን?... አሁንስ?

አልተነሣችም።

ተመስገን ሊል ሲል መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እጃቸውን አወጡ።

"ለመሆኑ አካለ... በዚያ በነገርከን በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጫማውን የት ያኖረዋል? አይጠፋበትም?"

ይህ ደብተሩ ውስጥ የለም!

የሚያውቀው የአገሩን ሥርዓት ነው። በአገሩ ሥርዓት መለሰ።

"ጠባቂ አለው፣ መሪጌታ። እኔም አውልቄ ለእሱ ሰጥቼ ነው የገባሁ።"

"እሰይ! ለካ እነሱም ሥርዓት ያውቃሉ!"

ሙላቷ ቀና አለች።

ያን ጊዜ ከፊት የተቀመጠው ባለሱቁ ጀማለዲን፣ ዓይኑን ከተነባበረው እግር ላይ ሳይነቅል እንዲህ አለ፦

"ኧረ ጋሽ አካለ! እኔ ከጫማው ሥር መርገጫው ላይ በቀይ የጻፍኩት ቁጥር እኮ አሁንም ይነበባል! አርባ ሁለት ይላል! ስምንት ቀን በእጅዎ ነው እንዴ የሄዱ?"

አካለ ወልድ እግሩን ቶሎ አወረደ። ምን ያደርጋል... ሁሉም አይቶታል።

ሹሙ ወደ ኋላ ዞሩ።

"መምህርት ሙላቷ፣ አንቺስ የምትይው አለ?"

ተነሣች...

ወገኖቼ፣ እሷ ቆማ ትጠብቀን፤ እኔ የእኔን ልበል። የሰውን ወንበር መቀማት ይቻላል፤ ዓይኑን ግን አይቻልም! ለማየት የሚጓጓውን ትታችሁ የሚፈራውን ብትልኩ፣ ደርሶ የሚመጣው ጫማ ብቻ ነው። የአቴናው ደብዳቤ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በሙላቷ ቦታ ብትሆኑ በሰው ፊት ታጋልጡት ነበር? ወይስ ለሽበቱ ብላችሁ ትተዉት? "ለአንቺው ብዬ" ተብሎ የተወሰደባችሁስ ምንድን ነው? ከታች ጻፉልኝ፤ አንድም አላልፍም።

እሷማ እንዲህ አለችው፦

"ጋሽ አካለ፣ ሮም ቤተ ክርስቲያን በጫማ ነው የሚገባ። እርስዎ ያወለቁት ሆቴል ነው። ሐውልታችን ግን ስምንት ቀን ሙሉ ቆሞ ጠብቆዎታል።"