የአሳኔ አውራ ጣት

ጥፊው ሙአጁማን ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር አላተማት። በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ካቆየቻቸው ሸርጣኖች አንዱ ሞቶ ተገኝቶ ነበር፤ የሞተ ሸርጣን ደግሞ አይሸጥም፣ አይበላም።

«ደንቆሮ! ጥላ ስር አድርጊያቸው አላልኩሽም?» አለ ባሏ አሳኔ። ትልቁን ሸርጣን አንስቶ ጀልባዋ ላይ ባለው ምድጃ ተጥዶ በሚፈላው ድስት ውስጥ ሊከተው ሲል መቆንጠጫው የታሰረበትን ገመድ በንዴት በጠሰው። ገመዱ ሸርጣኑ ሳይቀቀል እንደማይፈታ የኢቦ ደሴት ልጅ ሁሉ ያውቃል። መቆንጠጫው አውራ ጣቱ ላይ ተከረቸመ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማ።

አሳኔ እየጮኸ እጁን ወደ ባሕሩ ሰደደ። ሸርጣን የያዘውን የሚለቀው ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። ሙአጁማ ግን ክንዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ከውሃው ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ አስቀረችው።

«ልቀቂኝ! ልቀቂኝ አንቺ ሴትዮ!»

የከንፈሯን ደም ዋጠች።

«መጀመሪያ እሱ ይልቀቅህ» አለችው።