በጉርሻው ፋንታ

ሕመምተኛን ማስተማር እንደ ድሮው ብዙ ቀን አይፈጅም። ሲስተር ወይንሸት ትንሿን መሣሪያ የአቶ ደምሰው ግንባር ላይ ስታስነካ፣ የኢንሱሊን አወጋጉን ወዲያው ያውቁታል። ግን አዲሱ እውቀት እንዲገባ ሌላ የሚያውቁት ነገር መውጣት አለበት። የሚወጣውን የምትመርጠው ነርሷ ናት።

ወይንሸት አስባበታለች። ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ፣ «ጠገብኩ ቢልም በጉርሻ አሸንፈዋለሁ» ብለዋት ነበር። የአቶ ደምሰውን ስኳር ከፍ የሚያደርገው ይሄ ነው ብላ፣ መሣሪያዋን አስነክታ ጉርሻን ከአእምሯቸው አወጣች።

አቶ ደምሰው መርፌውን ራሳቸው ሞልተው ሆዳቸውን ወጉ። ወይንሸት በሥራዋ ኮራች።

ወይዘሮ አልጋነሽ ምሳ ዕቃውን ከፈቱ። ከወጡ ጥሩውን መርጠው ጠቀለሉና «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብለው ወደ ባላቸው አፍ ዘረጉ።

አቶ ደምሰው ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። የሚስታቸውን እጅ አንጓው ላይ ያዙት።

«ምን ልታደርጊኝ ነው?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሏቸው ፈገግ አሉ። የባላቸውን ዓይን ሲያዩ ግን ፈገግታው ጠፋ። ጉርሻውን እንደያዙ ወደ ነርሷ ዞሩ።

«ሲስተር፣ ትናንት ተኳርፈን ነው ያደርነው» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን በምን ልታረቀው?»