የኋላው ወንበር እድፍ

አቤሴሎም ነጯን ቪትዝ የገዛት ለአንድ ጉዞ ነው። ሚስቱ ሐመልማል ምጥ ሲይዛት፣ ከሮቤ ወጣ ብሎ ካለው ቤታቸው ጎባ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ ሁለቱንም ጊዜ መኪና ሲለምኑ ረፍዶባቸው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ሐኪሙ «የአሁኑን ምጡ እንደጀመራት ይዘሃት ና። ግማሽ ሰዓት እንኳ አታባክን» ብሎታል።

ሻጩ ሙባረክ የሚባል የጎሮ ነጋዴ ነው። ለመሸጥ ቸኩሎ ነበር። ለምን እንደሚሸጣት ሲጠየቅ «ጠበበችን» ብሎ ሳቀ። አቤሴሎም ለምን እንደሚገዛት ሲነግረው ደግሞ «ለዚህ ከሆነማ ገደኛ መኪና ናት» አለ። ሻጭ ዕቃውን ማመስገኑ ያለ ነው። ስም የሚያዛውሩበትን ቀን ለወሩ ቀጥረው ተለያዩ።

እድፉን ያየው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የኋላ ወንበሩ ላይ የተነጠፈውን ብርድ ልብስ ሲያነሳ፣ የትሪ ስፋት ያለው ጥቁር ቡኒ እድፍ አገኘ።

አቤሴሎም የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። ግሪስና የተቃጠለ ዘይት ሲያስለቅቅ የኖረ ሰው በቀላሉ እጅ አይሰጥም። በዱቄት ሳሙና ፈተገው፤ በሎሚና በጨው አሸው፤ በቤንዚን ሞከረው። ሙቅ ውሃ ሲያፈስበት ጭራሽ ጠቆረ፤ የለጋ ቅቤ ሽታም አመጣ። በመጨረሻ በረኪና ደፋበት። በረኪናው ዙሪያውን አነጣውና እድፉ መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

ላቫጆ ወሰዳት። አጣቢው ጫሊ ወንበሩን አንድ ጊዜ አየና ብሩሹን አስቀመጠ።

«ኩን ዲጋ» አለ። «ደም ነው፣ ወንድሜ።»

«የበግ ይሆናላ።»

«በግ ወንበር ላይ ይቀመጣል እንዴ?» ጫሊ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ይቺን መኪና አውቃታለሁ። ባለፈው ወር በዚህ ስትከንፍ ውስጧ ሴት ትጮህ ነበር። ያ ረቢ! ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።»

ወንበሩን ፈትተው ሲያነሱት ከሥሩ ምላጭ ወጣ። ከምላጩ ጋር ከነጠላ ጫፍ የተበጠሰ፣ ደም የደረቀበት ክር ነበር።

አቤሴሎም እዚያው ቆሞ ሙባረክ ጋ ደወለ።

«የኋላ ወንበሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ኦ፣ እሱ! ደም ነዋ» አለ ሙባረክ ዘና ብሎ። «ወላሂ፣ ባለቤቴ ዩስራ አምስት ጊዜ አጥባዋለች። አልለቅ አለ እንጂ።»

«የማን ደም?»

«እሱ በስልክ አያልቅም። ለቀጠሯችን ስመጣ ምስክሬን ይዤ እመጣለሁ።» ከኋላው የሴት ሳቅ ተሰማ። መስመሩ ተቋረጠ።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ብሎ አሰበ። ከሄደ ግን መኪናዋ ኤግዚቢት ተብላ ትቆማለች፤ ሐመልማል ደግሞ ወሯ ገብቷል። ለፖሊስ ሳይናገር ቀረ። ለሚስቱም ባይናገር ደግ ነበር፤ አፉ አልቻለለትም። ምላጩን ሳይቀር አሳያት።

እናቷ ወይዘሮ ሠርከአዲስ ልጃቸውን ሊያርሱ ከገሰራ መጥተው ነበር።

«ሰው የታረደበት ወንበር ላይ ነፍሰ ጡር አትቀመጥም» አሉ።

«እማማ፣ የወንበር ልብስ አለብሰዋለሁ። አይታይም።»

«ቢሸፍኑት ደም መጮሁን ይተዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።»

አለበሰው። ሐመልማል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመኪናዋ አጠገብ ስታልፍ ሆዷን በእጇ ትጋርድ ጀመር።

ምጡ የመጣው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በዝናብ ነው። አቤሴሎም ሞተሩን አስነስቶ በሩን ከፈተላት። በሩ ጋ ደረሰችና ቆመች።

«አልገባም።»

«ከፊት ተቀመጪ፣ ከእኔ ጎን።»

«ያቺ ሴት ከኋላዬ እየጮኸች? አልገባም፣ አቤ። ልጄን እዚያ ውስጥ አላስገባም።»

ለመናት። ተቆጣ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እናቷ ባጃጅ አስጠሩ። ባጃጁ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ሄደ፤ መጥቶም መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው። ቪትዟ ሞተሯ እንደተነሳ ግቢ ውስጥ ቀረች።

ጎባ ሲደርሱ ሐኪሙ ሐመልማልን ዳሰሳት፤ ከዚያ አቤሴሎምን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሕፃኑ ወንድ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሐመልማል ቤቷ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ጡቷ ወተት ሞልቶ ያማታል። ሦስተኛዋ ነው፤ አራተኛ እንደማይኖር ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም።

«አንቺ እንኳን ተርፈሽልኛል» ይላሉ ወይዘሮ ሠርከአዲስ። «በዚያች መኪና ብትሄጂ አንቺንም አጣሽ ነበር።» አቤሴሎም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ሌላ የሚይዘው ነገር ስላልነበረው ይህንን አመነ።

የግቢው በር ተንኳኳ። የቀጠሮው ቀን መሆኑን አቤሴሎም ረስቶት ነበር። ሙባረክ የሆነውን ሁሉ አልሰማም፤ እየሳቀ ገባ። ከኋላው ባለቤቱ ዩስራ ትልቅ ፎጣ ደርባ ቆማለች። አቤሴሎም ሰላምታ አልሰጣቸውም። ምላጩንና ክሩን አምጥቶ ሙባረክ ፊት ዘረጋ።

«ይሄስ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ እሱንም አገኛችሁት!» አለ ሙባረክ። «ምስክሬን ይዤ እመጣለሁ አላልኩህም?»

ሐመልማል ድምጹን ሰምታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ግድግዳውን ይዛ እስከ በሩ መጣች። ዩስራ አየቻትና ፊቷ በራ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለቻት።

ከዚያም ፎጣዋን ገለጠችና፣ በዚያ ወንበር ላይ የወለደቻትን ሕፃን ለሐመልማል አቀበለቻት።