ከእናት ወደ ልጅ

የወይዘሮ አስካለ ሦስት ወንዶች ልጆች ተራ በተራ እግራቸው እየሰለለ፣ አልጋ ላይ ቀርተው ሞቱ። የባላቸው ዘመዶች «ሾተላይ ናት፤ ልጆቿን የበላች» እያሉ አገለሏቸው። ዶክተር ሰናይት ግን ለምርምሯ ደማቸውን በወሰደች ቁጥር፣ «እማማ፣ እርግማን አይደለም። አረጋግጥልዎታለሁ» ትላቸው ነበር።

ቃሏን ጠበቀች። የበሽታውን ዘረመል ያገኘች ጊዜ፣ ሳይንቲስቶች በሞሉት አዳራሽ እሳቸውንና ሴት ልጃቸውን ውዴን ከፊት አስቀመጠቻቸው።

«እርግማን አይደለም!» አለች ዓይኗ እያበራ። «እናት ለወንድ ልጇ የምታወርሰው ዘረመል ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ከእኔ ነው ማለት ነው?» አሉ፤ ከውዴ በቀር የሰማቸው አልነበረም።

ውዴ እጇን አወጣች። «ሴት ልጅስ ከእናቷ ትወርሰዋለች?»

«ግሩም ጥያቄ!» አለች ዶክተሯ። «ልትወርሰው ትችላለች። እሷ ሳትታመም ለወንድ ልጇ ታስተላልፋለች። ግኝቱን አብዮታዊ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ከእንግዲህ ልጁ ገና በማህፀን ሳለ እናውቃለን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ብድግ በይና ይዩሽ እንጂ» አለቻት ዶክተሯ።

ውዴ የገፋ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ተነሳች።